ሶሊሲተሬ የባንኩ ፓነል ላይ የለም አሉኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፣ ከደቡብ ለንደን

ሰላም ለዚህ ቤት። እንደምን ሰነበታችሁ።

ከ9 ዓመት ኪራይ በኋላ ክሮይደን አካባቢ ባለሁለት መኝታ ፍላት አገኘን። በዋጋ ተስማማን፣ ባንኩም ሞርጌጁን (የቤት ብድሩን) ፈቀደ። እልል ልል ስል ጉድ መጣ።

ሶሊሲተር (የቤት ግዢውን ሕጋዊ ሥራ የሚይዝ ጠበቃ) ያደረግኩት ድሮ የመኖሪያ ፈቃድ ኬዜን የያዘልኝን የአገራችንን ልጅ ነው። ቢሮው ውስጥ ጠበቃው እሱ ብቻ ነው። በአማርኛ ያስረዳኛል፣ ማታ ብደውልም ያነሳል። ሥራው ተጀምሮ፣ የሰርቹ (ስለ ቤቱ ከመዝገብ የሚጣራው መረጃ) ተከፍሎ፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ብሮከሬ (ሞርጌጁን ያገናኘችኝ) ደወለች። «ቢሮው የባንኩ ፓነል ላይ የለም» አለችኝ። ወይ ሶሊሲተር እንቀይራለን፣ ወይ ባንኩ የራሱን ያቆምና ሂሳቡን እኛ እንከፍላለን።

ከፋይዋ እኔ፣ መራጩ ባንክ! ይሄ ነገር ሕጋዊ ነው? ያጋጠመው ሰው ካለ እባካችሁ።

መልስ፣ ከሉተን

እህቴ አይዞሽ፣ ቤቱ አላመለጠሽም። የቤት ግዢ ጉዳይ የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

አዎ፣ ሕጋዊ ነው። አንቺ የፈለግሽውን መቅጠር ትችያለሽ። ባንኩም ለራሱ የሚሠራለትን ይመርጣል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ግን እንደ ልማድ አንድ ሶሊሲተር ለገዢውም ለባንኩም ይሠራል። ስለዚህ ያንቺ ሰው የባንኩም ሰው መሆን አለበት። ፓነል የሚሉት ባንኩ «እነዚህን አምናለሁ» ብሎ የያዘው የቢሮዎች ዝርዝር ነው።

ባንኩ ለምን ይጨነቃል? ብድሩ እኮ ባንቺ እጅ አያልፍም። ባንኩ ገንዘቡን የሚልከው ወደ ሶሊሲተሩ የደንበኞች አካውንት ነው። እሱ ቁልፍ በምትቀበይበት ቀን ለሻጭ ወገን ያስተላልፋል። ከዚያ ቤቱን በስምሽ፣ የባንኩን መያዣ ደግሞ በላዩ ላይ ላንድ ሬጅስትሪ (የመሬትና የቤት መዝገብ ቤት) ዘንድ ያስመዘግባል። በመሃል አንዱ ገንዘቡን ይዞ ቢሰወር ወይም መያዣውን ሳያስመዘግብ ቢተወው፣ ባንኩ ያለ ዋስትና አበድሮ ቁጭ አለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ ብዙ ባንኮች ዝርዝራቸውን ያጠበቡት እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ፈርተው ነው። ኤችኤስቢሲ በ2012 መጀመሪያ ላይ ፓነሉን ወደ 43 ቢሮ ብቻ አውርዶት ነበር። ጠበቆቹ ጮኹ፣ በኋላ አሰፋው።

እያንዳንዱ ባንክ የራሱ መስፈርት አለው። ብዙዎቹ የሎው ሶሳይቲን (የሶሊሲተሮች ማኅበር) የቤት ግዢ ሥራ የጥራት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። በዓመት ስንት ቤት እንደሚሠራ የሚያዩ አሉ። ጠበቃው አንድ ብቻ የሆነበትን ቢሮ ጨርሶ የማይቀበሉም አሉ። የኛ ሰዎች ቢሮዎች የሚወድቁት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ፓነል ላይ አለመኖር ጠበቃው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ግን ሳልደብቅሽ፣ ቪዛ ያወቀ ሁሉ ቤት አያውቅም። የፍላት ሊዝ (የረጅም ዘመን ይዞታ ውል) የራሱ ጣጣ አለው።

እኔ ብሆን ዛሬውኑ እቀይራለሁ። ገና ኤክስቼንጅ (ሁለቱን ወገን የሚያስረውን የውል ልውውጥ) አላደረጋችሁም። ባንኩ የራሱን ጠበቃ ካቆመ ሁለት ቢሮ እርስ በርስ ደብዳቤ ሲጻጻፍ ሳምንታት ይነጉዳሉ፣ ሂሳቡም ባንቺ ነው። የሰርቹን ውጤት ግን ይዘሽ ሂጂ። ርክክቡ እስኪያልቅ ድረስ 6 ወር ካላለፈው አዲሱ ቢሮ ሊጠቀምበት ይችላል። የሞርጌጅ ኦፈርሽ መቼ እንደሚያበቃም እዪ። እና ሳትከፍዪ በፊት አዲሱን ቢሮ በጽሑፍ ጠይቂው፦ «የዚህ ባንክ ፓነል ላይ ዛሬ አላችሁ?» ዛሬ የሚለው ቃል አይቅር። ባንክ ቢሮን ከዝርዝሩ ለማውጣት አንቺን አያማክርም፣ ሥራሽ በመሃል ላይ ቢሆንም።

መልስ፣ ከበርሚንግሃም

ወንድማችን በደንብ አስረድቷል። እኔ ከፓነሉ ሶሊሲተር ይዤ ብገዛም ያልገባኝ ነገር ነበር። ሶሊሲተሩ ያንተ ብቻ አይደለም። ለሁለት ጌታ የሚገዛ ሰው ነው።

ዲፖዚቴ (ከራሴ የምከፍለው ቅድሚያ) ግማሹ የዕቁብ ነው። 20 ሰው፣ በየወሩ፣ በካሽ። ሶሊሲተሯ ይህ ገንዘብ ከየት መጣ አለችኝ። ዕቁብ ምን እንደሆነ በስልክ ሳስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። በመጨረሻ የዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ ስም ዝርዝሩንና የደረሰኝን ቀን ጽፈው ፈረሙልኝ፣ እኔም የ6 ወር የባንክ ስቴትመንት ጨመርኩ። ሦስት ሳምንት በረረ። ዕቁብ ላይ ያላችሁ፣ ብሩ እንደደረሳችሁ ወረቀቱን ያዙ። በካሽ ከማከማቸት ይልቅ በባንክ ብትጥሉ ደግሞ ይሻላል።

ሌላው፣ ታላቅ ወንድሜ 10,000 ፓውንድ ሰጥቶኛል። ባንኩ ፎርም ላይ ግን «የራሴ ቁጠባ» ብዬ ሞልቻለሁ። ምናለበት ብዬ ነው። ሶሊሲተሯ ስታውቅ «ለባንኩ መንገር አለብኝ፣ ካልፈቀድክ ደግሞ ለእነሱ መሥራት አቆማለሁ» አለችኝ። ደነገጥኩ። ፈቀድኩ፣ ወንድሜም ስጦታ እንጂ ብድር አይደለም፣ ቤቱ ላይም ድርሻ የለኝም ብሎ ፈረመ። ባንኩ ተቀበለው። ግን ለሶሊሲተር የነገራችሁት ሁሉ በናንተና በሱ መካከል ይቀራል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ።

እህቴም አብራን ትኖራለች፣ 19 ዓመቷ ነው። እሷም ፎርም ፈረመች። ቤት ውስጥ የሚኖር 17 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ከባንኩ በፊት መብት አለኝ እንዳይል ያስፈርሙታል። ሌላ ጠበቃ ማማከር እንደምትችልም ነገሯት። «እኔ ምን አገባኝ?» እያለች ሳቀች። ቤታችሁ ውስጥ የአክስት ልጅ ያስጠጋችሁ፣ ከወዲሁ ተናገሩ።

መልስ፣ ከሊድስ

ቤት ያላችሁትንም ይመለከታል። የሞርጌጄ የወለድ ውል ሲያልቅ እዚያው ባንክ ሌላ ወለድ ብቻ መረጥኩ። ሶሊሲተር የሚባል አልነካኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ባንክ ቀየርኩ፣ «የጠበቃ ወጪ ነፃ» አሉኝ። ነፃው ጠበቃ የነሱ ፓነል ነው፤ የሚሠራውም ለነሱ ነው። በደወልኩ ቁጥር ሌላ ሰው ያነሳል፣ ታሪኬን ከሀ ጀምሬ እነግራለሁ።

በዚያው የባለቤቴን ስም ቤቱ ላይ ላስገባ ፈለግሁ። ያ ደግሞ በነፃው አይካተትም አሉኝ። ተጨማሪ ክፍያ፣ ተጨማሪ ሦስት ሳምንት። በፍቺ ጊዜ የአንዱን ስም ከቤቱ ለማስወጣትም ባንኩ መስማማት አለበት፣ ሶሊሲተሩም ከዝርዝሩ መሆን አለበት። ነፃ የሚለውን ስትሰሙ ምን ምን እንደማያካትት መጀመሪያ ጠይቁ።

መልስ፣ ከሰሜን ለንደን

የኤጀንቱንም ነገር ልጨምር። ቤት ሻጩ ኤጀንት «የኛን ሶሊሲተር ካልወሰዳችሁ ቤቱ ያመልጣችኋል» ካለ አትደናገጡ። ላመጣላቸው ደንበኛ ኮሚሽን ሊያገኝ ይችላል፣ ካገኘ ደግሞ መናገር አለበት። የኤጀንት ምክርና የባንክ ፓነል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔን «ፓነል ላይ አሉ» ብሎ የላከኝ ቢሮ የሌላ ባንክ ፓነል ላይ ነበር!

እግረ መንገዴን፣ አዲስ አበባ በስማችሁ ኮንዶሚኒየም ካላችሁ ለሶሊሲተሩ ንገሩት። በየትኛውም አገር ቤት የነበረው ሰው እዚህ እንደ አዲስ ገዢ የስታምፕ ዱቲ (የቤት ግዢ ግብር) ቅናሽ አያገኝም። ዋጋው 40,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ቤት አሁንም በእጃችሁ ካለ ደግሞ የ5 በመቶው ጭማሪ ሊመጣባችሁ ይችላል። «አገር ቤት ያለው አይቆጠርም» የሚላችሁን አትስሙ።

መልስ፣ ጠያቂዋ ከደቡብ ለንደን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀየርኩ። ለድሮው ሶሊሲተሬ መንገር ከብዶኝ ነበር፣ እሱ ግን «እኔም መጀመሪያ ላይ ባንክሽን ሳልጠይቅ መጀመሬ ጥፋት ነው» ብሎ ለሰርቹ ብቻ አስከፈለኝ። ውጤቱንም ለአዲሱ ቢሮ ላከው። የአዲሱን ቢሮ ስም ብሮከሬ ባንኩ ዘንድ አጣራች፣ እኔም በኢሜይል አስጻፍኳቸው።

ዛሬ ጠዋት አዲሷ ሶሊሲተር ደወለች። ስለ ዲፖዚቱ ትጠይቀኛለች ብዬ ስቴትመንቴን ሁሉ ደርድሬ ጠብቄያት ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ባልና ሚስት ከሆናችሁ የአባት ስማችሁ ለምን ተለያየ?»