ጀነሬተሬ ካልሞቀች ሚኒሞ ላይ እየጠፋች አስቸገረችኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህቺ ጀነሬተር ግራ አጋብታኛለች። ባለ 4 ስትሮክ፣ በቤንዚን የምትሠራ፣ በገመድ የምትነሳ ትንሽዬ ናት። ጠዋት ቾክ (ለማስነሳት አየር የሚቀንሰውን) ስቤ ገመዱን ሁለቴ ስጎትት ትነሳለች፤ መነሳቱ ላይ አትታማም። ችግሩ ቾኩን ስመልሰው ነው። ድምጿ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይልና ሚኒሞ (ዝቅተኛው ዙር) ላይ ስትደርስ ድርግም ብላ ትጠፋለች። ቾኩን ግማሽ ላይ ይዤ 5 ደቂቃ ያህል ካሞቅኳት ግን ምንም እንዳልነበረባት ሆና ስትሠራ ትውላለች።

ካንዴላ ቀየርኩ። የአየር ፊልትሮውን አጸዳሁ። ለወራት የተኛውን ቤንዚን ደፍቼ (ሽታው ቤንዚን መሆኑን ረስቶ ነበር) አዲስ ሞላሁ። ትንሽ ተሻላት እንጂ አልዳነችም። የካርቡሬተሩን የታች ጎድጓዳ ስፈታው ቢጫ ዝቃጭ ተኝቶበታል። እሱንም ጠረግኩ። ዋናውን ጅግለር (ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ዕቃ) ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት፤ ክፍት ነው። የሚኒሞውን ግን አልነካሁትም። ቀዳዳው ፀጉር የምታክል ስለሆነች በሽቦ ቆርቁሬ እንዳላሰፋት ፈራሁ።

በቾክ ብቻ ሳትጠፋ የምትቆይ ከሆነ ቤንዚን አንሷታል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ወይ የሚኒሞው መንገድ ተደፍኗል፣ ወይ በካርቡሬተሩ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በኩል አየር ይገባል። ሁሉንም ሳልበታትን የትኛው እንደሆነ እንዴት ልለይ? ያቺን ቀዳዳስ በምን ነው የምታጸዱት? የሚኒሞውን ቪቴ (ብሎን) ትንሽ ባጠብቀው ዙሩ ከፍ ብሎ ሳትጠፋ ትቆይ ይሆናል፤ ግን በሽታውን መሸፈን መሰለኝና ተውኩት። የቫልቭ ክፍተትስ እንዲህ ያደርጋል? የገጠመው ሰው ካለ ያደረገውን በቅደም ተከተል ይንገረኝ፣ እባካችሁ።