የእናቴ መገጣጠሚያ ሲያብጥ ሆዷም ይብሳታል፤ ከደም ምርመራው ጋር ይገናኛል?

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦
እናቴ የሩማቶይድ (መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ በሽታ) ሕመምተኛ ናት። ጣቶቿ ባበጡ ሰሞን ከሰው ትሸሻለች፤ ቡና ተፈልቶ ስትጠራ «ተዉኝ» ትላለች፤ እንቅልፍም የላትም። ጎረቤት «ልቧ ሰነፈ» ይላታል፤ ይህን ስትሰማ ይብስባታል። ሰሞኑን በደም ምርመራ ሲአርፒ የሚሉት 38 ወጣ። ሐኪሙ ስለ ጣቷ እንጂ ስለ ሐዘኗ አልጠየቃትም። ሁለቱ ይገናኛሉ?

የላቦራቶሪ ባለሙያ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሲአርፒ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ሲነሳ ይጨምራል። ጉበትን በዋናነት የሚያዘው ኢንተርሉኪን 6 የተባለው የሰውነት መከላከያ መልእክተኛ ነው፤ የእሱ ምልክት አንጎልም ይደርሳል። ጉንፋን ሲይዘን ምግብ የሚያስጠላን፣ ተኝተን እንድንውል የሚያደርገን እሱና መሰሎቹ ናቸው። ሲአርፒ ግን የሐዘን መለኪያ አይደለም፤ የሳንባ ምችም ያሳድገዋል።

የአእምሮ ጤና ነርስ (ባሕር ዳር)፦
እህቴ፣ የእናትሽ ልብ አልሰነፈም። ድብርት ያለባቸው ሰዎች ሲአርፒ በአማካይ ከፍ እንደሚል ብዙ ጥናት አሳይቷል፤ የሁሉም ግን አይደለም። እኔን የሚያሳምነኝ ኢንተርፌሮን የተባለው መድኃኒት ነገር ነው፦ ለሄፓታይተስ ሲ (የጉበት በሽታ) ይሰጥ በነበረበት ጊዜ፣ የሰውነትን መከላከያ ስለሚቀሰቅስ፣ ቀድሞ ደህና የነበሩ ብዙ ሰዎች ድብርት ያዛቸው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሙከራ ደግሞ ኢንፍሊክሲማብ የተባለውን የብግነት መድኃኒት ድብርታቸው አልድን ላላቸው ሰጠ። በጠቅላላው አልረዳም፤ የተሻላቸው የመሰሉት ሲአርፒያቸው ከ5 በላይ የነበሩት ናቸው።

ስለዚህ በሲአርፒው ቁጥር ብቻ አትተማመኚ፣ እሳቸውን ጠይቂ። ፒኤችኪው 9 የተባለው የድብርት መጠይቅ በአማርኛ አለ፤ ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች ናቸው። የነጥቡ ድምር 10 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ለሐኪም አሳዪው። የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው፤ አዎ ካሉ የዚያኑ ዕለት ይዘሻቸው ሂጂ። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የብግነት መድኃኒትስ ይወስዳሉ? እንቅልፍ ይነሳል፣ ስሜትም ይለዋውጣል። በራስሽ ግን እንዳታስቆሚ።

ሕመምተኛ (ዳንግላ)፦
እኔም ያው በሽታ አለብኝ። በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰደውን የሩማቶይድ መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ጀምሬ እብጠቱ ሲበርድ ሐዘኔም ቀለለ፤ አልጠፋም ግን። የቀረውን ያቃለለልኝ የአእምሮ ሐኪም ነው። ጠበልም እሄዳለሁ፤ ክኒኔን ይዤ ነው የምሄደው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፕሬድኒሶሎኑን ማታ ማታ ነው የምትወስደው! ጥያቄዎቹን ጠየቅኋት፤ 14 መጣ። ስለ ሞት «ኧረ የለም» አለች። ሰኞ እንሄዳለን፤ የሲአርፒውን ወረቀት ልያዝ?

ነርሷ፦
ያዢው፤ 14 የወጣበትንም ጨምሪ። ማታ እንደሚወስዱት ንገሪና ወደ ጠዋት ይዞር እንደሆነ ጠይቂ።