የቅድሚያ ድጋፍ ክፍያ፦ የገቢ ቅጹን ካልፈረምኩ ልጄ አገልግሎቱን ይከለከላል?

የናሆም እናት (ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 22 ወሩ ነው፤ እስካሁን አንድ ቃል አልወጣውም። ውኃ ሲጠማው እጄን ይዞ ወደ ፍሪጁ ይጎትተኛል እንጂ አይጠራም። ሐኪሙ «ሁለት ዓመት ይሙላውና እናያለን» ቢለኝም ልቤ አላርፍ ስላለኝ ራሴ ደውዬ ዕድገታቸው ለዘገየ ሕፃናት ለሚሰጠው የቅድሚያ ድጋፍ፣ ኧርሊ ኢንተርቬንሽን ለሚሉት፣ አስመዘገብኩት። ባለፈው ሳምንት ሁለት ባለሙያዎች ቤታችን መጥተው መረመሩት። ልጁ ቤት ውስጥ የሚሰማው አማርኛ ሆኖ ሳለ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነበር። ሲወጡም ገቢያችንንና የግል ኢንሹራንሳችንን የሚጠይቅ ቅጽ ትተው ሄዱ። ባለቤቴ «ከፈረምሽ ዕዳው እኛው ላይ ይቆለላል» ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የመንታዎቹ አባት (ሜሪላንድ)፦
እኛ ለሁለቱም አንድ ሳንቲም አልከፈልንም። በሕግ ነፃ ነው፣ እህቴ። ቅጹን ባዶውን መልሺላቸው።

ጡረተኛ አስተርጓሚ፦
ወንድሜ፣ የሜሪላንዱን ለቨርጂኒያ አታውለው። ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ያሉ ሕፃናትን የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ፣ አይዲኢኤ ክፍል ሲ የሚባለው፣ የክፍያውን ነገር በከፊል ለየክፍለ ግዛቱ ትቶታል። የትም ቦታ የማይከፈልበት ምርመራው፣ አገልግሎቱን የምታቀናጅላችሁ የአስተባባሪዋ ሥራና ልጁ የሚያገኘው አገልግሎት የሚጻፍበትን የቤተሰቡን ዕቅድ (አይኤፍኤስፒ) ማዘጋጀቱ ነው። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ቴራፒ ሜሪላንድ አታስከፍልም፤ ቨርጂኒያ ግን የቤተሰቡን ገቢ አይታ ታስከፍላለች፣ ለወሩም ጣሪያ አለው።

ልጄ፣ መክፈል ያልቻለ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት አገልግሎት አይከለከልም፣ አይዘገይበትምም። አለመቻላችሁን የሚያሳየው ግን ያው የገቢ ቅጽ ስለሆነ ባዶውን መመለስ የሚጎዳው እናንተኑ ነው። የግል ኢንሹራንሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚነኩት አንቺ በጽሑፍ ስትፈቅጂ ነው። ከመፍቀድሽ በፊት «ብፈቅድ ስንት፣ ባልፈቅድ ስንት?» ብለሽ በጽሑፍ እንዲመልሱልሽ አድርጊ። ዕቅዱ ሲመጣም በጅምላ አትፈርሚ፤ የንግግር ቴራፒውን ተቀብለሽ ሌላውን መተው መብትሽ ነው።

እኔን ያናደደኝ ምርመራው ነው። ፈጽሞ የማይቻል ካልሆነ በስተቀር ሕፃን የሚመረመረው በሚሰማው ቋንቋ ነው። አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ጠይቂ፣ ባለቤትሽን በአስተርጓሚነት አታስቀምጪ። በሥራ ዘመኔ ሚስቱ እንዳትደነግጥ ብሎ ግማሹን ዋጥ የሚያደርግ ስንት አባት አይቻለሁ!

የናሆም እናት፦
እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶት ይሆናል» ብለውኛል እኮ፤ አማርኛውን እንተው ይሆን?

ሦስት ዓመት ያለፈን፦
በፍጹም። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አፍ አያስይዝም፤ እንዲያ ካሉሽ የምርመራውን ሪፖርት ጠይቀሽ ውሰጂ፣ መዝገቡን ማየት መብትሽ ነው። እኔ የምጨምረው የቀኑን ነገር ነው። ካስመዘገብሽበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ምርመራው አልቆ የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ መደረግ አለበት። በእኛ ጊዜ «ሠራተኛ የለንም» እያሉ ሁለት ወር ገፉብን፤ ለክፍለ ግዛቱ በጽሑፍ አቤቱታ ካስገባን በኋላ ነው ደውለው ቀጠሮ የሰጡን። የተመዘገብሽበትን ቀን ማስረጃ ያዢ፤ የስልኩ ጥሪ ዝርዝር እንኳ ይበቃል።

ሦስተኛ ልደቱ ሳይደርስ፣ ቢያንስ 90 ቀን ሲቀረው፣ ወደ ትምህርት ቤት ስለሚሸጋገርበት ስብሰባ ሊጠሩሽ ይገባል። ቨርጂኒያ ደግሞ ለየት ትላለች፤ እስከ ሴፕቴምበር 30 ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ መመዘኛውን ካሟላ የሕዝብ ትምህርት ቤቱ በነፃ ይቀበለዋል። የልጅሽ ልደት መቼ ነው?

የመንታዎቹ አባት፦
ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ቅጹን ባዶውን አትመልሺ።

የናሆም እናት፦
ልደቱ በኦገስት ነው። ዛሬ አስተባባሪዋ ጋ ደውዬ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠየቅኋት፤ «አንዳንድ ቤተሰብ አይፈልግም ብለን ነው» አለችኝ። ሐሙስ ዕለት እንደገና ይመጣሉ። እናቴ አብራ ብትቀመጥ ይፈቅዳሉ?

ጡረተኛ አስተርጓሚ፦
ለዕቅዱ ስብሰባም ቢሆን የፈለግሽውን የቤተሰብ አባል መጥራት ትችያለሽ። አያቱ ትቀመጥ። ውኃ ሲጠማው ፍሪጁ ድረስ እንደሚጎትትሽም ንገሪያቸው፤ ያን ሳያዩ ነው የሄዱት።