የትራክተር ሣር ማጨጃ ሲነሣ ቡሎን እየቆረጠ ተቸግሬአለሁ

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ከትራክተሬ ጀርባ የሚገጠም፣ ስለቶቹ አግድም የሚዞሩ ከባድ የሣር ማጨጃ አለኝ። ፒቲኦውን (የሞተሩን ኃይል ወደ ማጨጃው የሚያስተላልፈውን የትራክተሩን የኋላ ዘንግ) ባስገባሁ ቁጥር ማሽኑ በኃይል ተንቀጥቅጦ ይነሣል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት የካርዳን (ፒቲኦውን ከማጨጃው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ቡሎኖች ተቆርጠውብኛል። ሣር በዝቶበት ቢሆን ኖሮ ባልገረመኝ፤ የሚቆረጠው ግን ገና ሣር ሳይነካ ነው። ጠንከር ያለ ቡሎን ባስገባ ይሻላል ወይስ ጥፋቱ የእኔ አነሳስ ነው?

መልስ 1፦
ጠንካራ ቡሎን ፈጽሞ እንዳያስገቡ እለምንዎታለሁ። ያ ቡሎን እንዲቆረጥ ታስቦ የተሠራ ነው፤ እርሱ እምቢ ካለ የሚሰበረው የማጨጃው ካምቢዮ ወይም ክሮቼራው (የካርዳኑ መተጣጠፊያ መስቀል) ነው። ሞተሩን ስንት ላይ አድርገው ነው የሚያስገቡት?

ጠያቂው፦
ሞተሩ እንዳይጠፋብኝ ብዬ በደቂቃ ወደ 2000 ዙር አካባቢ አደርገዋለሁ። ማጨጃውንም ድንጋይ እንዳይነካ በሃይድሮሊክ ወደ ላይ አንሥቼ ነው የማስነሣው።

መልስ 1፦
እንግዲያው ምክንያቱ በአብዛኛው ተገኝቷል። ስለቶቹ ከባድ ስለሆኑ ከቆሙበት በአንድ ቅጽበት እንዲፈተለኩ ሲገደዱ ጫናው ሁሉ ቡሎኑ ላይ ያርፋል። ነዳጁን ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ ከሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ትንሽ ከፍ፣ ወደ 1000 ዙር ያድርጉት፤ ፒቲኦው በፔዳል የሚሠራ ከሆነ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ረግጠው እጀታውን ካስገቡ በኋላ ቀስ ብለው ይልቀቁ። ስለቶቹ መዞር ሲጀምሩ ብቻ ነዳጁን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ዳሽቦርዱ ላይ 540 (ፒቲኦው በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞርበት) ተብሎ ምልክት እስከተደረገበት የሞተር ዙር ያድርሱት። ሲያጠፉም አስቀድመው ነዳጁን ይቀንሱ፤ ስለቶቹ ፒቲኦው ከወጣ በኋላም ስለሚዞሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ከመቀመጫዎ አይውረዱ።

መልስ 2፦
ከፍ አድርጎ ማስነሣቱም ሌላ ጥፋት ነው። ማጨጃው ወደ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር የካርዳኑ መታጠፊያ ስለሚሰፋ ክሮቼራው እየተንገጫገጨ ይዞራል፤ ስለዚህ ሣር በሌለበት ሜዳ ላይ ወደ ማጨጃ ከፍታው ዝቅ አድርገው ያስነሡት። በተጨማሪም ሞተሩን አጥፍተውና ቁልፉን ነቅለው የቡሎኑን ቀዳዳ ይመልከቱ። እንቁላል መስሎ ከሰፋ ቡሎኑ በውስጡ እየተንቀጠቀጠ ይመታል፤ የተቆረጠው ቁራጭ ጎኑ ላይ ጎድጎድ ብሎ ካገኙት ምልክቱ ይኸው ነው።

መልስ 3፦
ለሌሎች አንባቢዎች ልጨምር፤ በቡሎን ምትክ፣ ጫና ሲበዛ ዲስኮቹ የሚንሸራተቱ ፍሪሲዮን ካርዳኑ ላይ ያለው ማጨጃ ለወራት ዝናብ ላይ ከቆመ ዲስኮቹ በዝገት ይጣበቃሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ ካምቢዮ ሰብሬአለሁ። ዲስኮቹን የሚጫኑትን ሞላዎች ርዝመት ለክታችሁ ከመዘገባችሁ በኋላ ዳዶዎቹን እኩል አላሉ፣ ማሽኑን በዝቅተኛ ዙር ለሁለት ሦስት ሰከንድ አስነሥታችሁ ዲስኮቹ እንዲንሸራተቱ አድርጉ፣ ከዚያም ወደ ለካችሁት ርዝመት መልሳችሁ አጥብቁ። ብዙ ካጠበቃችሁት ግን መከላከያነቱ ይቀራል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቀዳዳው በእርግጥ ሰፍቶ ነበርና የካርዳኑን ጫፍ አስቀይሬ፣ እንዳላችሁት በ1000 ዙር አስነሣሁት፤ ማሽኑ አንዴ ተንፍሶ በጸጥታ ዞረ። ሞተሩም አልጠፋም። ሁለት ትርፍ ቡሎን ግን አሁንም ከመቀመጫዬ ሥር አለ።