የሃይሩፍ ጋቢና ፊልትሮ፦ ደሴ ይሻላል ወይስ ኮምቦልቻ?

የቧንቧ ውሃው
ሰላም ለሁላችሁ። ሃይሩፍ ቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ አለችኝ፣ 2010 ሞዴል። ጠዋትና ማታ ከደሴ ኮምቦልቻ ሠራተኛ አመላልሳለሁ። የውስጡን አየር ስከፍት አቧራ አቧራ ይሸታል። ቬንትሌተሩን እስከ መጨረሻ ባዞረውም የሚወጣው ነፋስ ትንፋሽ አይሞላም። ከኋላዬ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አስም አለባት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን እስክንጨርስ ስትስል ስሰማ አንጀቴን ትበላዋለች። የጋቢናውን ፊልትሮ፣ ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን፣ ማስቀየር ፈልጌ ነው። ዕቃውን የት ልግዛ? ማንስ ይግጠምልኝ?

አራዳ ሰፈር
ወንድሜ አትልፋ። እዚህ ደሴ አራዳ ካሉት ጋሼ ሱቅ ሂድ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሳቸው ነው የምገዛው። የሌላቸው ዕቃ የለም።

ናፍጣው
ምን ማስቀየር ያስፈልጋል? አውጥተህ በኮምፕረሰር ማስነፋት ነው። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ጎሚስታ ቤት አስነፋለሁ። መኪናዬ ጉልበት አገኘች።

የቧንቧ ውሃው
እሱ የሞተሩ አይደለም እንዴ? እኔ የምለው ሰው የሚተነፍሰውን ነው።

ናፍጣው
አየር ፊልትሮ ያው አየር ፊልትሮ ነው።

የሐረጎ መንገደኛ
እኔ የደረሰብኝን ልንገርህ፣ ተጠንቀቅ። አምና ይህንኑ ፊልትሮ ላስቀይር አንድ ጋራዥ ገባሁ። «ኦርጂናል ነው» ብሎ 1,800 ብር ተቀበለኝ። እኔ ሻይ ልጠጣ ወጣ ብዬ ስመለስ «አልቋል» አለኝ። አመንኩት። ነሐሴ ላይ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ 14 ሰው ጭኜ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ስወጣ ቬንትሌተሩ ጮኸና ቀጥ አለ። ውጭው ጉም ነው፣ ዝናብ ነው። የፊት መስታወቱ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ። ረዳቱ በፎጣ ይጠርጋል፣ ተመልሶ ይደፍናል። መስኮት ከፍተን፣ አንገቴን አውጥቼ፣ ዳር ይዤ ቆምኩ። ከባድ መኪና በጎኔ ሲያልፍ የነበረውን ድምፅ አሁንም አልረሳውም። በማግስቱ ሌላ መካኒክ ሲፈታው ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? የፍራሽ ስፖንጅ! በመቀስ ተቆርጧል። ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ይሸታል። ግማሹ ተቦጭቆ ቬንትሌተሩ ላይ ተጠምጥሟል።

ሰኞ ገበያ
ሱብሃነላህ! የትኛው ጋራዥ ነው? ስሙን ጥራና ሌላው ይዳን።

የሐረጎ መንገደኛ
ስም አልጠራም። ተመልሼ ሄጄ ገንዘቤን ተቀብያለሁ። ግን ሲሠራላችሁ አጠገቡ ቁሙ።

ካራቆሬ 27
ስፖንጅ ካገኘህማ ሳሙናም ጨምርበት፣ መስታወቱን ያጥብልሃል።

ሰኞ ገበያ
አይ ወንድም፣ ሰውየው 14 ነፍስ ይዞ ነው ጉም ውስጥ የቆመው። አይሳቅበትም።

አራዳ ሰፈር
ከጋሼ ቢገዛ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ካራቆሬ 27
እኔ ከዚያው ሱቅ ገዝቼ በሁለት ጣት ሰፍቶ አልገባልኝም።

አራዳ ሰፈር
ሞዴሉን አሳስተህ ነግረሃቸው ነዋ። ጋሼ አይሳሳቱም።

የመካኒክ ልጅ
አብሽር የቧንቧ ውሃው፣ ወደ ጥያቄህ ልመልስህ። ይህን ሥራ አባቴ ጋራዥ እየሠራሁ ነው ያደግኩት። መጀመሪያ ምንም ሳትገዛ ክፈተው። ጋቢና ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ያለውን ኪስ ባዶ አድርግ። ግራና ቀኙን በእጅህ ወደ ውስጥ ጫን ስታደርገው ወደ ታች ይወርዳል። ከጀርባው ስስ የፕላስቲክ ክዳን ታያለህ። እሱን ስትስበው ፊልትሮው እንደ መሳቢያ ይወጣል። ካቻቢቴ እንኳ ላያስፈልግህ ይችላል። አንዳንዱ ሃይስ ግን ሲመጣም ፊልትሮ የለውም፣ ቦታው በፕላስቲክ ድፍን ነው። ያንተ እንደዚያ ከሆነ ክዳኑንም አብረህ መግዛት አለብህ፣ ፕላስቲኩም በጥንቃቄ ይቆረጣል። እሱን ለባለሙያ ስጠው።

ሱቅ ስትሄድ አሮጌውን በእጅህ ይዘህ ሂድ። የቶዮታ ካርቶን ላይ ቁጥር አለ። በ17801 ከጀመረ የሞተሩ ነው፣ አትውሰደው። የጋቢናው ብዙ ጊዜ በ87139 ይጀምራል። ከሰል ያለው ግራጫ ዓይነት ካገኘህ ጭስና ሽታም ይቀንስልሃል፣ ለልጅቷ እሱ ይሻላል። ጠርዙ ላይ ቀስት አለ፤ «UP» የሚል ከሆነ ቀስቱ ወደ ላይ ይሁን፣ «AIR FLOW» የሚል ከሆነ አየሩ የሚሄድበትን ያሳያል፣ ገልብጠህ እንዳትከት።

ናፍጣው፣ አትቀየመኝ። የጋቢናውን በኮምፕረሰር ማስነፋት ክሮቹን ይበጣጥሳቸዋል። ከዚያ በኋላ ንጹሕ ይመስላል እንጂ አቧራውን አይዝም። ማጠብም እንደዚያው። 15,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀየራል፤ አቧራ ለሚበዛበት ግን ቀደም አድርግ።

የቧንቧ ውሃው
ዕድሜ ይስጥህ ወንድሜ። አሁን ወጥቼ ከፈትኩት። ፊልትሮ አለው። ጥቁር ነው፣ የባህር ዛፍ ቅጠልና የዶሮ ላባ ሰግስጎበታል። ላባው ከየት እንደገባ አላውቅም።

የመካኒክ ልጅ
ነፋስ ያጣኸው በእሱ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። የኋላ በሩን ጎማም እየው። ከተሰነጠቀ አቧራው በዚያ በኩል ይገባል፣ ፊልትሮ አያድነውም። ሐረጎ ላይ የሚጨስ ከባድ መኪና ኋላ ስትሆን ደግሞ የውጭ አየር መዝጊያውን ተጫን። ካለፍከው በኋላ ግን መልሰህ ክፈተው፣ ዘግተህ ከቆየህ መስታወቱ ይደፍንብሃል።

የኮምቦልቻ እናት
እኔም ልጄ አስም አለባት። ሾፌሩ እንዲህ ሲጨነቅ ሳይ ደስ አለኝ። ልጅቷን ከተቻለ ጋቢና አስቀምጣት፣ ከኋላ በር አቧራ ትርቃለች።

ናፍጣው
እሺ፣ የጋቢናውን አላውቅም ነበር። የሞተሩን ግን አስነፋለሁ።

ሰኞ ገበያ
ኮምቦልቻ ውስጥ የኤሲ ጋዝ የሚሞላ ጎበዝ ታውቃላችሁ?

አራዳ ሰፈር
ጋሼን ጠይቃቸው፣ ሰው ይጠቁሙሃል።

ካራቆሬ 27
የሐረጎ መንገደኛ፣ ቅድም ለተናገርኩት ይቅርታ። እኔም በዚያ ጉም አልፌ አውቃለሁ።

የኮምቦልቻ እናት
የቧንቧ ውሃው፣ ሳምንት ሆነህ። ከየት ገዛህ? የልጅቷስ ሳል እንዴት ሆነ?