ጥቆማ፦ የኤፍኤም አንቴናችንና ኬብሉ መቀየሪያቸው ደርሷል? የምታምኑት ባለሙያ ወይም ሱቅ ካለ ጠቁሙኝ

የጣቢያው ልጅ
ሰላም የቤቱ ሰዎች። ደጋ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ የማህበረሰብ ሬዲዮ ቴክኒሻን ነኝ። ማሰራጫችን 500 ዋት ነው። ታወሩ ላይ አራት ዳይፖል (የአንቴናው ዘንጎች) አለን፤ ኬብሉ 7/8 ኢንች ፎም (ውስጡ በአረፋ ፕላስቲክ የተሞላ)፣ ርዝመቱ 60 ሜትር ገደማ።

ድሮ ተመላሹ ፓወር (ሳይሰራጭ ወደ ማሰራጫው የሚመለሰው) 4 ወይም 5 ዋት ነበር። አሁን በደረቅ ቀን 20 ላይ ነው። ዝናብ ሲጥል 50 ያልፍና ማሰራጫው ራሱን ለማዳን ፓወር ይቀንሳል። ፀሐይ ስትወጣ ይሻለዋል። ከወንዙ ማዶ ያሉ አድማጮች «ድምፃችሁ ሹ ሹ ይላል» እያሉ ይደውላሉ።

ሥራ አስኪያጁ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ብሎኛል። አንድ አስመጪ አንቴናውንም ኬብሉንም ጠቅላላ ቀይሩ ይላል። አንድ የክልል ባለሙያ መጀመሪያ ወጥቼ ልየው ባይ ነው። ሦስተኛው ከመርካቶ ያገለገለ የቴሌኮም ኬብል ነው፣ በዋጋ በጣም ይረክሳል። እውነት መቀየሪያው ደርሷል? ከሦስቱስ የቱ ይሻላል?

ዲሽ በየቤቱ
የኬብል ጉዳይ ከሆነ አታስብ ወንድሜ። ኦሪጅናል የዲሽ ኬብል አለን፣ ያሉበት ድረስ መጥተን እንዘረጋለን። በውስጥ መስመር ያናግሩን።

ቡና በጨው
የዲሽ ኬብል ለ500 ዋት! የእሳት አደጋ መኪናውንም አብራችሁ ታመጣላችሁ ወይስ ለብቻው ይከፈላል?

ኦም
የዲሽ ኬብል 75 ኦም ነው፣ የሱ ሲስተም 50። ገና ከመነሻው አይገጥምም። ወደ ጥያቄው እንመለስ። ከ500 ዋት 20 ሲመለስ 4 በመቶ ነው፣ ኤስደብልዩአሩ (የመመለሱ መለኪያ፣ ምንም ካልተመለሰ 1 ነው) 1.5 ማለት ነው። 55 ሲመለስ ደግሞ 2 ገብቷል። ከዝናብ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ውሃ የሆነ ቦታ ገብቷል። የት እንደገባ ሳታውቅ ግን ምንም አትግዛ።

የወሎዋ
ከመግዛትህ በፊት የኛን ስማ። እኛም እንዳንተ ትንሽ ጣቢያ ነን። አዲስ ነው ተብሎ ሙሉ ጥቅል ኬብል ገዛን። ሰቀልነው፣ ጭራሽ ከአሮጌው ባሰ። የቴሌኮም ልጆች መለኪያ ይዘው መጡና መሃሉ ላይ ችግር አለ አሉን። አወረድነው። ጥቁሩን ልባስ ሲልጡት መሃል ላይ ተቀጥሏል! ሁለት ቁራጭ ኬብል በኮኔክተር አገናኝተው፣ በላዩ ላይ የሚኮማተር ጎማ አልብሰው፣ እንደ አዲስ ጠቅልለው ሸጡልን። ሱቁ «ከእኛ አይደለም» አለ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ኬብል» ብቻ ነው። ርዝመት የለ፣ ዓይነት የለ።

መርካቶ ደንበኛ
እህቴ፣ ይሄ ሁሉ የመጣብሽ የማታውቂው ሱቅ ስለገባሽ ነው። የኔ ደንበኛ ጋ ብትሄጂ ኖሮ እንዲህ አትሆኚም ነበር። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ሻይ ሳያጠጣ አይለቅሽም።

ቡና በጨው
ሻዩ ስንት ዲሲቤል ያጠፋል?

መርካቶ ደንበኛ
አንተ ቀልድ። እኔ ከሱ ያልገዛሁት የለም። ሶኬት፣ ስቴፕላይዘር፣ የውሃ ፓምፕ።

ኦም
የኤፍኤም ኬብልስ?

መርካቶ ደንበኛ
ካዘዝከው ያስመጣልሃል። ሌላው ጋ ያለው ሁሉ ፎርጅድ ነው። ሰው ያሳየኝን ግማሽ ኢንች ኬብል ቆረጥኩት፣ መሃሉ አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። መዳቡ ላይ ላዩን ብቻ ነው።

ኦም
እሱ ፎርጅድ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የታወቁት አምራቾች ግማሽ ኢንችም መሃሉ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። በ100 ሜጋኸርዝ ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በመዳቡ ቆዳ ላይ ነው፣ ከ1 ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ እንኳ ጠልቆ አይገባም። ማግኔት ከያዘው ግን ውስጡ ብረት ነው፣ ያኔ ተጠራጠር።

መርካቶ ደንበኛ
አንተ በወረቀት ታውቃለህ፣ እኔ በእጄ። የኔ ደንበኛ አሉሚኒየም አይሸጥም፣ አለቀ።

የወሎዋ
አሉሚኒየሙን ተዉትና ገንዘባችንን የሚያስመልስልን አካል የት ነው? እስካሁን ማንም መልስ አልሰጠንም።

ሰላም ነው
የንግድ ቢሮ አመልክቱ። ደረሰኙ የቫት ነበር?

የወሎዋ
የእጅ ደረሰኝ ነው።

ሰላም ነው
እንግዲያው እግዜር ይርዳችሁ።

ታወር ላይ ነኝ
ልጁን እኮ ረሳችሁት። የጣቢያው ልጅ፣ ሥራዬ ታወር መውጣት ነው፣ እንዲህ ዓይነቱ በየክረምቱ ያጋጥመኛል።

መጀመሪያ የላይኛውን ኮኔክተር እይ። አብዛኛው ችግር እሱ ጋ ነው። ፈተህ ስታየው አረንጓዴ ዝገት ካለ ወይም ውሃ ከተንጠባጠበ ምክንያቱን አገኘህ። ቀጥለህ ኬብሉን ከጫፉ እየቆረጥክ መዳቡን ተመልከት። ከቆረጥክ በኋላ ቦግ ያለ ቀይ ከሆነ እዚያ ላይ አዲስ ኮኔክተር ግጠም፣ ኬብልህ ደህና ነው። አንድ ሁለት ሜትር ቆርጠህም ከጠቆረ ግን ውሃው ወርዷል። የ7/8 መሃሉ ቱቦ ነው፣ ውሃ ከገባበት እስከ ታች ሊወርድ ይችላል። እሱን አታድነውም፣ ቀይረው።

ከዚያ ኬብሉን ከላይ እስከ ታች በእጅህ እየዳሰስክ ውረድ። የተጨፈለቀ፣ ክላምፕ ያነቀው፣ የታጠፈ፣ ልባሱ የተሰነጠቀ ቦታ ፈልግ። ዳይፖሎቹ ላይ ደግሞ ነጭ ዱቄት የመሰለ የአሉሚኒየም ዝገት፣ የላላ ቡሎን፣ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ሳጥን፣ የጠቆረ ኢንሱሌተር እይ። የጠቆረ ካለ ብልጭታ ነበር ማለት ነው፣ እሱ ዳይፖል ይቀየራል። ስፕሊተሩን (ፓወሩን ለአራቱ የሚያከፋፍለውን) እና ከሱ ወደ ዳይፖሎቹ የሚሄዱትን አጫጭር ኬብሎች አትርሳ። ከአራቱ አንዱ ሲሞት ተመላሹ ይጨምራል፣ ሽፋኑም በአንድ ወገን ይበላሻል። የወንዝ ማዶዎቹ ቅሬታ ከዚህ ሊሆን ይችላል።

ስትጨርስ በናስትሮ ብቻ ጠቅልለህ አትውረድ። መጀመሪያ እርስ በርሱ የሚዋሃደውን የጎማ ቴፕ፣ በላዩ ላይ ፀሐይ የሚችለውን። አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን ሲሊኮን ደግሞ በፍጹም አታስጠጋ፣ መዳብ ይበላል።

ማሰራጫው ጠፍቶ፣ ብሬከሩ ወርዶ፣ ቁልፉ ታወሩ ላይ የሚወጣው ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን። ታወሩን ከሌላ ጣቢያ ጋር የምትጋሩ ከሆነም አነጋግሯቸው፣ የነሱም ሞገድ ያቃጥላል።

ጡረተኛው
ልጄ፣ በእኛ ጊዜ የአየር ኬብል ነበር። ውስጡ ደረቅ አየር እየተነፋ በግፊት ይያዛል። ማታ አይተኸው ያደርከው ጌጅ ጠዋት ወርዶ ካገኘኸው የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ። ችግሩ ዝናብ ሳይመጣ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ፎም ሆነና ሁሉም ዝናቡ እስኪነግረው ይጠብቃል። የገጃን የአጭር ሞገድ ማሰራጫ ያየ ሰው ይሄን ያውቃል።

ሰላም ነው
ጋሼ፣ ገጃ ሠርተዋል? አጭር ሞገዱ አሁንም ይሰማል እንዴ? እኔ ቤት ያለው ሬዲዮ አልይዝ አለኝ።

ቡና በጨው
ይኸው፣ አሁን ደግሞ አጭር ሞገድ ገባን።

ከቨርጂኒያ
ናኖ ቪኤንኤ የሚባል ትንሽ መለኪያ አለ፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ዋጋው ከማንኛውም ፕሮፎርማችሁ ያነሰ ነው። ችግሩ በስንት ሜትር ላይ እንዳለም ያሳያል። ኬብሉን ከላይ ፍቱትና ጫፉን ሾርት አድርጋችሁ ታች ለኩ። ለ60 ሜትር ጤነኛ 7/8 በኤፍኤም ደርሶ መልሱ 1.4 ዲሲቤል (የብክነት መለኪያ ነው) ገደማ ነው የሚያጠፋው። ከዚያ ብዙ ከራቀ ኬብሉ ታሟል። ማሰራጫ ላይ እንዳትሰኩት፣ ወዲያው ይቃጠላል። ሌላ ጣቢያ እዚያው ታወር ላይ እየሠራ ከሆነም ያው ነው። ለፋሲካ ስመጣ አንድ ይዤ መምጣት እችላለሁ።

ዲሽ በየቤቱ
እኛም የሲግናል መለኪያ አለን!

የጣቢያው ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ዘንቦ ነበር፣ ተመላሹ 30 ላይ ቆመ፣ አልጨመረም። እየተሻለው ነው መሰለኝ። ሥራ አስኪያጁም እንግዲያው ይቆይ ብሏል።

ኦም
እንዳትሸወድ። ኬብል ሲበላሽ ኤስደብልዩአሩ የተሻለ ሊመስል ይችላል። ውሃ የጠጣ ኬብል ፓወሩን ወደ ላይ ሲሄድ ይውጣል፣ የተመለሰውንም ወደ ታች ሲመጣ ይውጣል። ታች ያለው ሜትርህ የሚያየው የተረፈውን ነው። ግማሹን የሚውጥ ኬብል ላይ አንቴናው ከነጭራሹ ቢነቀል እንኳ ተመላሹ ሩብ ብቻ ሆኖ ነው የሚታይህ።

መፍትሔው እንዲህ ነው። አየር ላይ በማትሆኑበት ሰዓት አንቴናውን ፍቱና ከላይ ዳሚ ሎድ (አንቴናውን ተክቶ ፓወሩን የሚቀበል ዕቃ) እና ዋት ሜትር ስቀሉ። ሁሉም ተገጥሞ ሰው ከወረደ በኋላ ማሰራጫውን 50 ዋት ላይ አድርጋችሁ አብሩ፣ የሜትሩን ማሳያ በስልክ ካሜራ ወይም በመነጽር አንብቡ። ጤነኛ ኬብል 42 ገደማ ያደርሳል። 35 ከሆነ ኬብሉን ቀይሩ። 42 ከደረሰ ችግሩ አንቴናው ወይም ኮኔክተሩ ነው፣ የኬብል ገንዘብ አታውጡ። ከሦስቱ ፕሮፎርማ «ወጥቼ ልየው» ያለውን የምመርጠው ለዚህ ነው።

የወሎዋ
እኛንም «ወጥቼ አየሁት» ያለን ነበር። ታች ቆሞ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሄደ።

ታወር ላይ ነኝ
እህቴ፣ ከመክፈልሽ በፊት የላይኛውን ኮኔክተር ተፈትቶ የተነሳ ፎቶ ጠይቂ። የመለኪያውንም ውጤት በወረቀት ይስጥ። የጣቢያው ልጅ፣ ያገለገለውን ኬብል በተመለከተ፣ የቴሌኮም ኬብል በራሱ መጥፎ አይደለም። ግን ሁለቱን ጫፍ ቆርጦ መዳቡን ያላሳየ ሻጭ ጋ አትቁም። ርዝመቱንም ዓይነቱንም ደረሰኝ ላይ አጽፍ። ርካሽ ነው ብለህ ደግሞ ቀጭኑን አርጂ 213 እንዳትዘረጋ። በ60 ሜትር ከ500 ዋትህ ግማሹ እንኳ ላይ አይደርስም።

መርካቶ ደንበኛ
የኔ ደንበኛ አርጂ 213 ምርጥ አለው።

ቡና በጨው
🤦

ጡረተኛው
የኬብሉ ግራውንድስ? ታወሩ እግር ላይ ታስሯል? የመዳብ ሌባ ቆርጦት እንደሆነም እዩ።

ኦም
ጋሼ ልክ ነዎት፣ እሱን ዘንግቼው ነበር። የጣቢያው ልጅ፣ ከሦስቱ የቱን መረጣችሁ?

ከቨርጂኒያ
መለኪያውን ላምጣው ወይስ ይቅር? ሻንጣዬ እየሞላ ነው።

ሰላም ነው
ይቅርታ ጣልቃ ገብቼ፣ ለሠርግ ሽቦ አልባ ማይክ የሚያከራይ የምታውቁት አለ? ባለፈው የተከራየነው መሃል ላይ የታክሲ ሬዲዮ ያመጣ ነበር።

ዲሽ በየቤቱ
አለን። በውስጥ መስመር።