የአይጥ ኤልኤች (እንቁላል የሚያስወጣው ሆርሞን) ለምን ከሰዓት በኋላ ይጨምራል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ! የማስተርስ ሥራዬ በሴት አይጦች ላይ ነው። የመራቢያ ዑደታቸው 4 ወይም 5 ቀን ነው። በፕሮኢስትረስ (እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ባለው የዑደቱ ደረጃ) ቀን ጠዋት ደም ስወስድ የሴት ሆርሞኑ ኢስትሮጅን ከፍ ብሏል፣ ኤልኤች ግን ዝም ነው። ከሰዓት በኋላ ሽቅብ ይወጣል። የአይጧ አንጎል ምን ይጠብቃል?

መልስ 1፦ ሰዓቱን ነዋ! በሃይፖታላመስ (ሆርሞኖችን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል) የፊት ክፍል ያሉትን፣ ኪስፔፕቲን የሚባል መልእክት አስተላላፊ የሚያመነጩትን ነርቮች ኢስትሮጅን ያነቃቃቸዋል። ጂኤንአርኤችን (ኤልኤችን የሚያስለቅቀውን የአንጎል ሆርሞን) በብዛት የሚያስለቅቁት ግን የአንጎል ሰዓት ቆጣሪ ሲፈቅድ ነው። የሚገርመው፣ አርኩዌት በሚባለው ሌላው የሃይፖታላመስ ክፍል ውስጥ ያሉትን የኪስፔፕቲን ነርቮች ያው ኢስትሮጅን ይገታቸዋል።

መልስ 2፦ ተመራማሪዎቹ ኤቨረትና ሶየር በ1950 እ.ኤ.አ. ለአይጦች በፕሮኢስትረስ ቀን ባርቢቹሬት (የሚያደነዝዝ መድኃኒት) ሰጥተው፣ የዕለቱ ሰዓት ስላለፈ፣ እንቁላል መውጣቱን በ24 ሰዓት አዘግይተዋል። እህቴ፣ የክፍሉ መብራት መቼ ነው የሚበራው?

ጠያቂ፦ ጠዋት 12 ይበራል፣ ማታ 12 ይጠፋል።

መልስ 2፦ እንግዲያው ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምረሽ በየሰዓቱ ደም ውሰጂ። ማደንዘዣ ግን አደራ፣ የኤልኤችን ጭማሪ ራሱን ያጠፋብሻል።